ቁርጡን ቀስ አድርጎ መናገር፦ ከባድ እውነት ለቅርብ ሰው ደረጃ በደረጃ እንዴት ይነገራል?

«እንዴት ብዬ ልንገራት?» የሚል ጥያቄ ሳልሰማ የሚያልፍ ሳምንት የለም። አንዱ የአባቱን የምርመራ ውጤት ኪሱ ውስጥ ይዞ ነው የሚጠይቀኝ። ሌላዋ ከሥራ ከተሰናበተች ሦስት ወሯ ነው፤ ባሏ ግን ዛሬም ጠዋት ጠዋት «ደህና ዋይ» ብሎ ይሸኛታል። ነርስ ስለሆንኩ መልሱ እጄ ላይ ያለ ይመስላቸዋል። ግማሹን ተምሬዋለሁ፣ ግማሹን ደግሞ አበላሽቼ ነው ያወቅኩት። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ እዚህ በቅደም ተከተል ላስቀምጠው።

አንድ ነገር ግን አስቀድመን እንግባባ። ቀስ በቀስ መናገር ማለት እውነቱን ማቅጠን አይደለም። ቃሉ ያው ነው፤ የሚቀንሰው ፍጥነቱ ነው። ዛሬ ያላችሁትን ነገ የምታስተባብሉት ከሆነ ቀስ በቀስ አልተናገራችሁም፤ ቀስ በቀስ ዋሻችሁ እንጂ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚዞረው በዚህች ነጥብ ላይ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አንድ ወረቀትና እስክሪብቶ። ስልክ ላይ አትጻፉት፤ ሳይታሰብ ሰው እጅ ይገባል።
- በሩ የሚዘጋ ክፍል፣ ካልሆነም ሰው የማይመላለስበት ጥግ።
- ሁለት ወንበር። በመካከላቸው ጠረጴዛ አይኑር። ጎን ለጎን ዘንበል ብሎ መቀመጥ ፊት ለፊት ከመፋጠጥ ይሻላል፤ ሰውየው ፊቱን ማዞር ሲፈልግ የሚያዞርበት ቦታ ያገኛል።
- ውሃና ሶፍት። ሶፍቱን ግን ገና ከመጀመሪያው ፊቱ አትደርድሩት። አንድም ቃል ሳትናገሩ ወሬውን እሱ ይናገረዋል።
- ቢያንስ 1 ሰዓት። ንግግሩ ራሱ 10 ደቂቃ ላይሞላ ይችላል። የቀረው ለዝምታና ለጥያቄ ነው።
- እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ አብሮት የሚሆን አንድ ሰው።
- ለሦስት ጥያቄዎች የተዘጋጀ መልስ፦ «ከመቼ ጀምሮ ታውቃለህ?»፣ «ሌላስ ማን ያውቃል?»፣ «አሁን ምን ሊሆን ነው?» ጉዳዩ ምንም ይሁን ምን እነዚህ ሦስቱ አይቀሩም።

የደረጃዎቹ አጥንት ስፓይክስ ከሚባለው ባለ 6 ደረጃ የከባድ ወሬ መንገሪያ አካሄድ የተወሰደ ነው። ዋልተር ቤይልና ሮበርት በክማን ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2000 እ.ኤ.አ. ለካንሰር ሐኪሞች ያሳተሙት ነው። ለቤት እንዲመች ጨምሬበታለሁ፣ ቀንሼለታለሁም።

1. እውነቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት

ከ10 ቃል አይብለጥ። እንዲህ፦

«አባዬ፣ ሳንባህ ላይ የተገኘው ካንሰር ነው።»
«ከሥራ ከተሰናበትኩ ሦስት ወር ሆነኝ።»
«ለቤት ያስቀመጥነውን ገንዘብ አጥፍቼዋለሁ።»

በወረቀት ላይ ማሳጠር ያቃተው ሰው ፊት ለፊት ሲቀመጥ ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል። እሱ ሲዞር ሰሚው በጭንቀት ያልቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ ታገሉት። ከዚያ ብቻችሁን ሆናችሁ ድምፅ አውጥታችሁ ሦስት ጊዜ አንብቡት። መጀመሪያ ላይ ጉሮሯችሁን ያንቀዋል። በሦስተኛው ትንሽ ይለቃችኋል። የመጀመሪያው መታነቅ ሰሚው ፊት እንዳይሆን ነው።

2. ዛሬ የሚነገረውንና የሚያድረውን ለዩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ወረቀቱን በሦስት ዓምድ ክፈሉ። አንደኛው ላይ ዛሬ የግድ መሰማት ያለበትን ጻፉ። ሁለተኛው ላይ በሚቀጥሉት ቀናት የሚነገረውን። ሦስተኛው ላይ ሰውየው ራሱ ከጠየቀ ብቻ የምትመልሱትን።

የአባትየውን ውጤት እንውሰድ። አንደኛው ዓምድ፦ ካንሰር መሆኑ፣ ሐኪሙም ሐሙስ ሊያነጋግረው መቅጠሩ። ሁለተኛው፦ የሕክምናው ዓይነት፣ ምን ያህል እንደሚያደክም፣ የጀመረውን ሥራ ማን እንደሚይዝለት። ሦስተኛው፦ «ስንት ጊዜ ቀረኝ?» ይህን አንዳንዱ ገና አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ይጠይቃል፤ አንዳንዱ እስከ መጨረሻው አይጠይቅም።

ሦስቱንም ዓምዶች የሚገዛቸው ሕግ አንድ ነው። እያንዳንዱ መስመር የቀረው ሳይነገር ቢቀር እንኳ ብቻውን እውነት ሆኖ መቆም አለበት። «ውጤቱ ጥሩ አይደለም፤ ዝርዝሩን ሐሙስ ከሐኪሙ አብረን እንሰማለን» ይቆማል። «ምንም አይደለም፣ ቀላል ነገር ነው» አይቆምም፤ ሐሙስ ይፈርሳል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባል የለ? እናንተንም አብሮ ያቀላችኋል።

ታዲያ ሁሉም እውነት በአንድ ዓይነት አይከፋፈልም።

ሞት በቀናት አይከፋፈልም። «ትንሽ አሞታል»፣ በማግስቱ «ጠንቶበታል»፣ በሦስተኛው ቀን መርዶ። ይህን የሚያደርጉት ሰዎች ለማለዘብ ብለው ነው። ሰሚው ግን በእነዚያ ቀናት ሲጸልይ፣ ሊጠይቀው ሻንጣ ሲያዘጋጅ፣ «ተሽሎት ይሆን?» ሲል ይሰነብታል። በኋላ እያንዳንዷን ሰዓት ወደ ኋላ ተመልሶ ይቆጥራታል። ሞት የሚከፋፈለው በደቂቃ ነው፦ ማስጠንቀቂያ፣ ትንሽ ዝምታ፣ ከዚያ ቃሉ። በቃ።

ሕመም በቀናትና በሳምንታት ይከፋፈላል። እውነቱ ራሱ ገና አላለቀምና። አንድ ውጤት ይመጣል፣ ሌላው ይጠበቃል። እናንተም የምታውቁትን ያህል እየተናገራችሁ አብራችሁ ትሄዳላችሁ።

የራሳችሁ ጥፋት በጭራሽ አይከፋፈልም። ዕዳው ሦስት ቦታ ከሆነ ሦስቱንም ዛሬ። ሰው ትልቅ ጥፋት ይቅር ሊል ይችላል። በየሳምንቱ አዲስ ነገር ሲወጣ ግን ይቅር የሚለው ነገር ዳርቻው የት እንደሆነ አያውቅም። ሁለተኛው ሲገለጥ «ሦስተኛውስ?» ማለት ይጀምራል፤ ሦስተኛ ባይኖርም። እዚህ ላይ የሚያድረው ምክንያታችሁ ብቻ ነው። «ለምን እንዳደረግኩት» የሚለው ይቆይ፤ ዛሬ ቢነገር ማመካኛ ነው የሚመስለው።

የቤተሰብ ምስጢር ደግሞ በዓመታት ይከፋፈላል፤ ጅማሬው ግን ቀድሞ ነው። ያልወለዳችሁትን ልጅ የምታሳድጉ ከሆነ ነገሩን አፍ ስትፈታ ጀምሩት። በ4 ዓመቷ «ከሌላ እናት ተወልደሽ ወደ እኛ መጣሽ» ይበቃታል። በ9 ዓመቷ ለምን እንደሆነ ትጠይቃለች። በ14 ስምና ወረቀት ትፈልግ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ዕድሜ የሚመጥን እውነት አለ፣ አንዱ ሌላውን አያፈርስም። የምትፈልጉት «የሰማሁበት ቀን» የምትለው ቀን እንዳይኖራት ነው።

3. ቀንና ቦታ ቁረጡ

ከመኝታ በፊት አይሁን፤ ሌሊቱን ብቻዋን ትጋፈጠዋለች። መኪና እየነዳ አይሁን። ፈተና ወይም ስብሰባ ሊገባ ሲል፣ እንግዳ ባለበት፣ ጠብ መሐል አይሁን። የጠብ መሐሉን በተለይ ተጠንቀቁ፤ በንዴት የወጣ እውነት ስድብ ሆኖ ነው የሚሰማው።

ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ጠዋት ወይም ከሰዓት በኋላ፣ በማግስቱም ትንሽ ፋታ ሲኖር ነው።

ግን «ምቹ ቀን» ጥበቃ ማለቂያ የለውም። ሁለት ሥነ ልቦና አጥኚዎች፣ ሲድኒ ሮዘንና አብርሃም ቴሰር፣ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ሰው መልካም ዜና ለማድረስ ሲቸኩል መጥፎውን እንደሚያጓትት አሳይተዋል። እናንተም ከዚህ አታመልጡም። ስለዚህ ወረቀቱ ራስ ላይ ቀን ጻፉ። ከዚያ ቀን በፊት ከሌላ ሰው ሊሰማ የሚችል ከሆነ ደግሞ ቀኑ ዛሬ ነው።

4. የሚያውቀውን ጠይቁት

ወሬውን ይዛችሁ ዘላችሁ አትግቡ። መጀመሪያ ጠይቁ፦ «ሐኪሙ እስካሁን ምን ብሎሃል?»፣ «አንተስ ምን ይመስልሃል?»፣ «ሰሞኑን ልክ እንዳልሆንኩ አይተሻል?»

ሁለት ነገር ታተርፋላችሁ። አንደኛ፣ ከየት እንደምትጀምሩ ታውቃላችሁ። ሁለተኛ፣ እሱ የሚጠቀምባቸውን ቃላት ታገኛላችሁ። «ያ በሽታ» የሚል ከሆነ በሩን ራሱ ገርበብ አድርጎላችኋል።

አንድ አባት አስታውሳለሁ። ልጆቹ ከክፍሉ ውጪ ቆመው «እንዳይሰማ፣ ልቡ ይቆማል» ብለውኛል። ገብቼ ትራሱን ሳስተካክል «ጋሼ፣ ሕመሙን ምን ይመስልዎታል?» አልኳቸው። በሩን አዩት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ካንሰር ነው። ልጆቹ እንዳይደነግጡብኝ ነው ዝም ያልኩት፤ አንቺም እንዳትነግሪያቸው» አሉኝ። አንድ ግድግዳ መሐላቸው አድርገው ለሳምንታት ተደባብቀዋል።

5. ምን ያህል መስማት እንደሚፈልግ ጠይቁ

«ዝርዝሩን ልንገርሽ ወይስ ዋናውን ብቻ?» አጭር ጥያቄ ናት፣ ግን ልጓሙን ለሰሚው ትሰጣለች። ዋናውን ብቻ ካለች ዋናውን ብቻ። «ለልጄ ንገራት፣ እኔ አልሰማም» ካለችም መብቷ ነው።

ለሞትና ለራሳችሁ ጥፋት ይህ ደረጃ የለም፤ ዝለሉት። «ገንዘባችንን ምን እንዳደረግኩት ማወቅ ትፈልጊያለሽ?» ቀልድ ነው።

6. አንድ የማስጠንቀቂያ ዓረፍተ ነገር

«የምነግርህ ነገር ከባድ ነው።» ወይም «ደስ የማይል ወሬ ይዤ ነው የመጣሁት።»

ከዚያ አንድ ሁለት ትንፋሽ ያህል ቁሙ። ዝግጁ ያልሆነ ሰው የመጀመሪያውን ቃል አይሰማውም። ይህች ዓረፍተ ነገር ጆሮውን ታነቃዋለች። ወንበሩን ሲጨብጥ፣ ትከሻው ሲጠነክር ታያላችሁ። ያን ጊዜ ቀጥሉ።

አንድ ብቻ ትበቃለች። ሦስት አራት ማስጠንቀቂያ ከደረደራችሁ ከእውነቱ የባሰ ነገር በሐሳቡ ይሠራል። «አትደንግጥ እሺ?» ደግሞ ከሁሉም ትከፋለች። እስኪ ማን ነው «አትደንግጥ» ተብሎ ያልደነገጠ?

7. ዓረፍተ ነገሩን ተናገሩ፣ አቁሙ

በወረቀቱ ላይ የጻፋችሁትን። እዚያው ቃል፣ እዚያው ርዝመት። ካንሰር ከሆነ ካንሰር በሉ፤ «ትንሽ እብጠት» አትበሉ። ሞት ከሆነ ሞተ በሉ።

የመጨረሻዋን በደንብ የማውቃት አበላሽቼ ነው። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንዲት ሴት ወንድሟን ልታይ ማለዳ መጣች። እጇ ላይ ንጹሕ ፒጃማ ይዛለች። «ሞተ» ማለት ጭካኔ መሰለኝና «ወንድምሽ ሌሊት አርፏል» አልኳት። ፊቷ በራ። «ተመስገን! ትናንት ሲያቃስት ነበር የዋለው። አልቀሰቅሰውም፣ ሲነቃ ስጪልኝ» ብላ ፒጃማውን ዘረጋችልኝ። ያንን ፒጃማ ይዤ ሁለተኛ ልነግራት ተገደድኩ። የመጀመሪያው ደስታዋ ላይ ነው የነገርኳት። ያለዘብኩት ቃል ሁለት ጊዜ ገደላት።

«አረፈ»፣ «ተለየን»፣ «አጣነው» ሁሉም ደግ ቃላት ናቸው። በኋላ፣ ሁሉም ካወቀ በኋላ ተጠቀሙባቸው። መጀመሪያ ላይ ግን ሁለት ትርጉም ያለው ቃል አይግባ። ተስፋ ያለው ሰው ሁልጊዜ ተስፋ ያለበትን ትርጉም ነው የሚይዘው።

እና «ግን» አትጨምሩ። «ካንሰር ነው፣ ግን ዛሬ ሕክምናው ብዙ ነው» ስትሉ አፋችሁን ለራሳችሁ ነው የምታጣፍጡት። አራት ነጥቡን አስቀምጡ። ስለ ሕክምናው ከ15 ደቂቃ በኋላ ትነግሩታላችሁ።

8. ዝም በሉ

በልባችሁ እስከ 20 ቁጠሩ። ሞክሩት፣ ዓመት ነው የሚመስለው። ያ ዝምታ ባዶ አይደለም፤ ሰውየው ውስጥ ብዙ ነገር እየተካሄደ ነው። እናንተ በወሬ ስትሞሉት የሚሰማው ጫጫታ ብቻ ነው።

እጅ መያዝ የለመዳችሁ ከሆነ ያዙ። ካልለመዳችሁ ዛሬ አትጀምሩ።

9. መጀመሪያ ለስሜቱ መልሱ፣ ለጥያቄው በኋላ

እዚህ ላይ ሁላችንንም የሚጥለን «አይዞህ» ነው። ቃሉ ጥሩ ነው። ጊዜው ነው ችግሩ። ገና ክው ብሎ የተቀመጠን ሰው «አይዞህ» ስትሉት «ጨርስና ተረጋጋልኝ» ያላችሁት ይመስለዋል። «አታልቅሺ»፣ «ሁሉም ለበጎ ነው»፣ «ከዚህ የባሰም አለ» በር ይዘጋሉ።

በምትኩ ያያችሁትን ስም ስጡት፦ «በጣም ደንግጠሻል።» «አልጠበቅከውም ነበር።» «ብትናደጂ አይፈረድብሽም።» ከዚያ እንደገና ዝም።

«ውሸት ነው! ውጤቱ ተቀያይሮ ነው!» ካለ ወረቀት አውጥታችሁ አትከራከሩት። ከተናገራችሁት እውነትም ወደ ኋላ አትበሉ። «ለማመን እንደሚከብድ አውቃለሁ» በሉና እዚያው ቆዩ። ካለቀሰች ጠብቁ፤ ሶፍቱ የሚያስፈልገው አሁን ነው። ምንም ካላለ፣ ተነሥቶ ዕቃ ማስተካከል ከጀመረ፣ ያም ድንጋጤ ነው። «ገብቶሃል ወይ?» እያላችሁ አትነዝንዙት። ከተቆጣችባችሁ ደግሞ፣ በተለይ ጥፋቱ የእናንተ ከሆነ፣ ራሳችሁን አትከላከሉ። «ልክ ነሽ» የሚለው መልስ ከምታውቁት ማብራሪያ ሁሉ ይበልጣል።

ስሜት ያጥለቀለቀው ሰው መረጃ አይይዝም። ትንፋሹ ሲረጋ፣ ዓይኑ ወደ እናንተ ሲመለስ፣ «እና አሁንስ?» ሲል፣ ያኔ ወደ 10ኛው ደረጃ እለፉ።

10. ጥቂት ጥቂት ጨምሩ፣ እየጠየቃችሁ

ሮይ ኬሰልስ በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ሰው ሐኪም ከሚነግረው ከ40 እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ወዲያው እንደሚረሳ ጽፏል። ቤት ውስጥ የተለየ አይሆንም። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ጨምሩ፣ ከዚያ ጠይቁ፦ «እስካሁን ያልኩትን እንዴት ተረዳኸው?» በራሱ አፍ ይድገመው። የተጣመመ ካለ ያኔውኑ ታቃናላችሁ። ከዚያ፦ «ልቀጥል ወይስ ለዛሬ ይብቃን?»

«ይብቃን» ካለ አቁሙ። እውነት ለመናገር፣ ለማቆም የሚቸገረው ብዙ ጊዜ ተናጋሪው ነው። ከጀመርኩ አይቀር ሁሉንም ዘርግፌ ልገላገል ይላል።

የማታውቁትን ሲጠይቅ «አላውቅም፣ ሐሙስ እንጠይቃለን» በሉ። ቃል መግባት የምትችሉት በእጃችሁ ያለውን ብቻ ነው። «ትድናለህ» በእጃችሁ የለም። «ሐሙስ አብሬህ እገባለሁ» አለ።

11. ቀጣዩን ነገር ወረቀት ላይ አስቀምጡ

ከመነሣታችሁ በፊት ሁለት መስመር ጻፉለት፦ ቀጥሎ የሚሆነውን አንድ ነገር፣ እንደገና የምትነጋገሩበትን ቀንና ሰዓት። «ሐሙስ 4 ሰዓት ሐኪም። ነገ ማታ እኔ እመጣለሁ።» ወረቀቱን እሱ ጋር ተዉት። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሲነቃ የሚጨብጠው ነገር ይኖረዋል።

ለማን መናገር እንደሚቻልም አሁን ተስማሙ። እናንተ በደግነት ለአክስት የነገራችሁት ነገ ለመላው ዘመድ ይዳረሳል። እውነቱ የሱ ነው፣ አድራሹንም የሚመርጠው እሱ ነው።

12. በ24 ሰዓት ውስጥ ተመለሱ

እውነተኛዎቹ ጥያቄዎች ካደሩ በኋላ ነው የሚመጡት። ስትመለሱ ከ4ኛው ደረጃ ጀምሩ፦ «ትናንት ካወራነው ምን ያዝክ?» ግማሹ ጠፍቶ፣ ግማሹ ተለውጦ ታገኙታላችሁ። አትበሳጩ፤ እንደ አዲስ ንገሩ። ነግራችሁ የጠፋችሁ ከሆነ ግን ሰውየው የሚያስታውሰው ወሬውን ሳይሆን መጥፋታችሁን ነው።

ለልጆች ሲሆን

ደረጃዎቹ ያው ናቸው፣ ዓረፍተ ነገሩ ብቻ ያጥራል። ሞት የማይመለስ መሆኑ ልጆችን በደንብ የሚገባቸው ባብዛኛው ከ5 እስከ 7 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ በታች ያለ ልጅ «መቼ ይመጣል?» እያለ ደጋግሞ ይጠይቃል። ደጋግማችሁ፣ ያንኑ ቃል መልሱ፦ «ሞቷል። የሞተ ሰው አይተነፍስም፣ አይመለስም።»

«ተኝቷል» አትበሉ፣ መተኛት ይፈራል። «ሩቅ አገር ሄዷል» አትበሉ፣ ለምን ሳይሰናበተኝ ይላል። ትንንሽ ልጆች ደግሞ የሆነውን ሁሉ በራሳቸው ያሳብባሉ፤ ተናድጄበት ስለነበር ነው ብሎ የሚያስብ ልጅ አለ። ስለዚህ ባይጠይቅም «በአንተ ምክንያት አይደለም» በሉት። ከዚያ ተነሥቶ ሊጫወት ቢሮጥ አትገረሙ። ልጅ ሐዘንን ጎንጨት እያለ ነው የሚጠጣው።

በስልክ ሲሆን

አማራጭ ከጠፋ ብቻ። መጀመሪያ «የት ነሽ? ማን አብሮሽ አለ? ቁጭ ብለሻል?» ብላችሁ ጠይቁ። ብቻዋን ከሆነች ወይም መንገድ ላይ ከሆነች ማስጠንቀቂያዋን ጀምራችሁ አታንጠልጥሏት። «ቤት ስትደርሺ ደውዪልኝ» ብሎ በተለመደ ድምፅ መዝጋት ይሻላል። «ምን ሆነ? አሁኑኑ ንገረኝ» ካለች ግን አትዋሹ፤ ቆማ ቦታ እንድትይዝ ጠይቃችሁ ንገሯት። በጽሑፍ መልእክት ፈጽሞ አትላኩ። ዝምታችሁን ማንበብ አትችልም።

ቤተሰብ «እንዳትነግሩት» ሲል

በፍቅር ነው የሚሉት፣ ስለዚህ አትጣሏቸው። «ምን ይሆናል ብላችሁ ነው የምትፈሩት?» በሏቸው። ከዚያ «እኔ ሄጄ አልነግረውም፤ ከጠየቀኝ ግን አልዋሸውም» ብላችሁ አቋማችሁን አሳውቁ። ቀጥሎ ሕመምተኛውን ራሱን በ5ኛው ደረጃ ጥያቄ ጠይቁት። መስማት ከፈለገ የፈራችሁት ጭቅጭቅ እዚያው ያልቃል፤ ካልፈለገም እንደዚያው።

ዘወትር የሚፈጸሙ ስሕተቶች

ከሁሉም የበዛው በቀልድ መጀመር ነው፤ አየሩን ለማቅለል ተብሎ። ሰውየው ሊስቅ አፉን ሲከፍት ነው የሚመታው።

ሁለተኛው ራስን ማስቀደም ነው። «ይህን ለመናገር ምን ያህል እንደተጨነቅኩ ብታውቂ» ካላችሁ ሰሚዋ እናንተን ማጽናናት ትጀምራለች። ማልቀስ ከመጣባችሁ አልቅሱ፣ ግን እሷ ሶፍቱን የምታቀብለው ለእናንተ አይሁን።

ሌላ ሰው መላክም አለ። ጥፋቱ የእናንተ ከሆነ ሽማግሌ የሚመጣው በኋላ ለማስታረቅ ነው፤ ወሬውን ለማድረስ አይደለም። ሌሎች ደግሞ ጠቋሚ ነገር ይጥላሉ፦ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ትቶ ማለፍ፣ ስልኩን ከፍቶ መተው። እንዲህ ያወቀ ሰው ብቻውን ነው የሚያውቀው።

ማስጠንቀቂያ

- እውነቱን ስትናገሩ እጁን የሚያነሳ ሰው ከሆነ ይህን መመሪያ ተዉት። ብቻችሁን፣ በተዘጋ በር ውስጥ አትናገሩ። መጀመሪያ የምታድሩበትን ቦታ አዘጋጁ፣ የምታምኑት ሰው ይወቅ፣ ከበሩ በኩል ተቀመጡ።
- ሰሚው «ከእንግዲህ መኖር አልፈልግም» ቢል በቀጥታ ጠይቁት፦ «ራስህን ለመግደል አስበሃል?» መጠየቅ ሐሳቡን አይከትበትም። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት፤ መድኃኒትና ስለታም ነገር አርቁ፣ የዚያኑ ዕለት ባለሙያ ጋር ይድረስ።
- የልብ ሕመም ወይም ሌላ ከባድ ሕመም ላለበት ሰው ከመንገራችሁ በፊት ሐኪሙን አማክሩ፤ አለመንገርን ሳይሆን እንዴትና የት የሚለውን።
- የሌላ ሰው ምስጢር ከሆነ፣ ለምሳሌ የጓደኛችሁ የምርመራ ውጤት፣ የመናገር ሥልጣን የላችሁም። የምትረዱት ባለቤቱ ራሱ እንዲናገር ነው።

እና ያን ባለ ሦስት ዓምድ ወረቀት ከመጀመሪያው ንግግር በኋላ አትቅደዱት። ሰው በማያየው ቦታ አስቀምጡት። ሦስተኛው ዓምድ ላይ የጻፋችሁት ጥያቄ ገና አልመጣ ይሆናል፤ ሲመጣ ዕቃ እያጠባችሁ ወይም በር ልትወጡ ስትሉ ነው የሚመጣው።